ስልኬ ከልቤ ወጣ፤ ምን ላድርግ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔ ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የዛሬ ዓመት ከስምንት ወር ገደማ እቁብ ወጣልኝና ስመኘው የኖርኩትን ስልክ ገዛሁ። መጀመሪያ አካባቢ እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የምጠብቀው። ማታ ማታ በለስላሳ ጨርቅ ሳልጠርገው አልተኛም። ወንድሞቼ እንዲነኩት አልፈቅድም። የሰፋሁትን ቀሚስ ሁሉ ፎቶ እያነሳሁ ቴሌግራም ላይ እለጥፍ ነበር፤ ደንበኛም አመጣልኝ። ካርቶኑ እስካሁን ቁም ሳጥን ላይ አለ።

አሁን ግን ከልቤ ወጥቷል። አልተሰበረም፣ ውኃ አልገባበትም። ግን ጠረጴዛው ላይ ከጨርቅ ቁርጥራጭ ጋር ወርውሬው እውላለሁ። ከቨሩ ከተቀደደ ቆየ፤ አላስቀየርኩትም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ባትሪው ያልቃል። ስታክ ያደርጋል። «ሚሞሪ ሞልቷል» እያለ ይጨቀጭቀኛል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ በቅርቡ አዲስ ገዛች፤ እሷ የምታነሳው ፎቶ ያምራል፤ ዓይኔ እዚያ ላይ ነው። ሁለተኛው እቁቤም ተራው እየደረሰ ነው። ልቀይረው? እናቴ «ያኔ ስንት አመስግነሽ የገዛሽውን ዛሬ ትጠዪዋለሽ? ምስጋና ቢስ አትሁኚ» ትለኛለች። እሱም ከነከነኝ። ችግሩ ስልኩ ነው ወይስ እኔ?

መልስ

እህቴ፣ ከደብዳቤሽ መጨረሻ ልጀምር። ምስጋና ቢስ አይደለሽም። ስልክ እየፈታሁ ስገጥም ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። አንቺ የጻፍሽውን ከስንቱ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። ሰው ጥገና ቤት መጥቶ «ይሄ ስልክ አስጠላኝ» ሲል ብዙውን ጊዜ ትልቅ ብልሽት የለም። እኔ መጀመሪያ የማየው ከቨሩን ነው። ሰው ስልኩን ሲሰለች ቀድሞ የሚተወው እሱን ነው። ቀጥሎ ግላሱ ሲሰነጠቅ ሌላ አያስለጥፍም። ቀጥሎ ሶፋ ላይ ይወረውረዋል፣ ልጅ ይጫወትበት ብሎ ይሰጠዋል። አንድ ቀን ወድቆ ስክሪኑ ይረግፍና ይዞት ይመጣል። «እንግዲህ ሌላ መግዛቴ ነው» ሲለኝ ፊቱ ላይ እፎይታ አነባለሁ። አንቺ ገና ከቨሩ ላይ ነሽ። በጊዜ ነው የጠየቅሽኝ።

የስልኩን ስምና ሞዴል ጽፈሽልኝ ነበር፤ አላወጣሁትም። ነገሩ የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ አይደለም።

«ስልኩ ነው ወይስ እኔ?» ላልሽው፣ ሁለቱም አለበት። ባትሪው በእውነት ደክሟል። ሚሞሪው በእውነት ሞልቷል። ዓይንሽ ደግሞ ለምዶታል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ስሜቱ አንድ ይሆናል፤ «አስጠላኝ» ይባላል። መድኃኒታቸው ግን ለየብቻ ነው። የእቁብ ብር የሚጠይቅ ደግሞ ከመሀላቸው የለም።

ስለ ባትሪው ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፤ የምሬትሽ ግማሹ እዚያ ነው ያለው። ዛሬ በእጃችን የያዝናቸው ስልኮች የሚሠሩት በሊቲየም አዮን ባትሪ ነው። ሶኒ በ1991 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያወጣው፣ በ2019 ለሦስት ሳይንቲስቶች የኖቤል ሽልማት ያስገኘ ትልቅ ሥራ ነው። ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያረጃል። ቻርጅ ስታደርጊው ሊቲየሙ ወደ አንዱ ጎን ይሄዳል፤ ስትጠቀሚበት ይመለሳል። በተመላለሰ ቁጥር ጥቂቱ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል። አፕል እስከ አይፎን 14 ላሉት ስልኮቹ የሚለው፣ ባትሪው በደህና ሁኔታ ከተያዘ ከ500 ሙሉ ዙር በኋላ ከመጀመሪያ አቅሙ 80 ከመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል ነው። ሙሉ ዙር ማለት 100 ከመቶ የሚያህል መጠቀም ነው። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ብትጠቀሚ አንድ ዙር ይባላል። በቀን አንዴ ጨርሶ የሚሞላ ሰው 500ውን ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ያልፈዋል። አንቺ ዓመት ከስምንት ወር ሆኖሻል።

በዚያ ላይ ድሬዳዋ ነሽ። ባትሪን እንደ ሙቀት የሚጎዳው የለም። አፕል ስልኩን ከ35 ዲግሪ በማይበልጥ አየር ውስጥ ተጠቀሙበት ይላል። ድሬዳዋ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይህን ቁጥር እንዴት እንደምትዘለው ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የሥራ ቤትሽ ጣሪያ ቆርቆሮ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስልኩን የምታስቀምጪበት ጠረጴዛ ላይ ካውያው አለ? የልብስ ሰፊ ስልክ በእጄ በገባ ቁጥር የምጠይቀው ይህን ነው። ካውያው ከጎኑ ይግላል። ስልኩ ቻርጀር ላይ ነው። ከላዩ ሽፎን ወይም ገበርዲን ተደርቦበታል። 100 ከሞላ ቆይቷል፤ የሚነቅለው የለም። ማሽኑ እየጮኸ ማን ልብ ይለዋል? ባትሪ ሞልቶ፣ ተሰክቶ፣ ታፍኖ፣ ግሎ ሲውል ከዕድሜው በፊት ነው የሚያረጀው። ስለዚህ ዛሬውኑ ከካውያው አርቂው። ጥላና ነፋስ ያለበት ቦታ ፈልጊለት። ብዙ አዳዲስ ስልኮች ባትሪው 80 ከመቶ ሲሞላ ቻርጅ መቀበል የሚያቆሙበት ምርጫ አላቸው። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ የሚለውን ክፈቺና ፈልጊው። ካለ አብሪው፤ ቀኑን ሙሉ መሰኪያ አጠገብ ለሚውል ሰው በጣም ይጠቅማል።

አሁን «ስታክ ያደርጋል» ወዳልሽው ልምጣ። እሱም ከባትሪው ሊሆን ይችላል። የደከመ ባትሪ የሚይዘው መጠን ከማነሱም ሌላ፣ ድንገት ብዙ ኃይል ሲጠየቅ ይከዳል። ካሜራ ስትከፍቺ 20 ከመቶ እያሳየ ድርግም ብሎ የሚጠፋ ስልክ አይተሽ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ነው። እንዲህ እንዳይሆን ሲሉ የስልኩን ፍጥነት ራሳቸው ዝቅ የሚያደርጉ አምራቾች አሉ። አፕል ባትሪያቸው በደከመ አንዳንድ አይፎኖች ላይ ይህን እንደሚያደርግ በ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በይፋ ተናገረ። ቁጣው ትልቅ ነበር። ኩባንያው እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። በ2020 ደግሞ የፈረንሳይ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት «ለደንበኞቻችሁ አልነገራችሁም» ብሎ 25 ሚሊዮን ዩሮ አስከፈለው። ከዚያ ሁሉ ጫጫታ ለእኔና ለአንቺ የሚተርፈው ይህ ነው፦ ስልኩ ዘገየ ብሎ አዲስ ሊገዛ የተነሳ ብዙ ሰው የሚያስፈልገው አዲስ ባትሪ ብቻ ነበር።

የድሮውን ኖኪያ 1100 ታስታውሺው እንደሆነ አላውቅም፤ ያ መብራት ያለው። በ2003 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። እኛም አገር ስንቱ ቤት መብራት ሲጠፋ አገልግሏል። ባትሪው ሲደክም ጀርባውን በጥፍር ከፍተን፣ አሮጌውን አውጥተን፣ አዲሱን ከተን መንገዳችንን እንቀጥል ነበር። ለዚያ ማንም ጥገና ቤት አይሄድም። ባትሪውን ለብቻ፣ ስልኩን ለብቻ እናስብ ስለነበር ባትሪው ሲያረጅ ስልኩን አንጠላም። ዛሬ ባትሪው በሙጫ ተጣብቆ ውስጥ ተቀብሯል። ሲደክም የደከመው ስልኩ ሁሉ ይመስለናል። አውሮፓውያን ይህን ለማስተካከል ሕግ አውጥተዋል። ከሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ለገበያ የሚቀርብ አዲስ ስማርት ስልክ ባትሪው ከ800 ዙር በኋላም ቢያንስ 80 ከመቶ አቅሙን መያዝ አለበት። እኔ በዚህ ሕግ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ለእኛም ይደርሰናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ባትሪ ስታስቀይሪ የምትጠነቀቂውን ልንገርሽ። ጠጋኙ ፊትሽ ይክፈተው፤ «ትተሽው ሂጂ» ካለ ሌላ ጋ ሂጂ። አሮጌው ባትሪ ላይ ስንት ኤምኤኤች (mAh፣ የባትሪው የመያዝ አቅም) እንደሚል አንብቢ። አሮጌው 5000 ሆኖ በቁመትም በውፍረትም እሱኑ የሚያክል አዲስ ባትሪ 8000 የሚል ከሆነ አትውሰጂው፤ የተጻፈው ውሸት ነው። የስልክሽ ጀርባ አብጦ ወይም ስክሪኑ በጠርዙ ተነስቶ ካየሽ ደግሞ ዛሬውኑ አጥፊው፣ ቻርጅም አታድርጊው። ያበጠ ባትሪ ከተበሳ እሳት ይነሳል። አንድ ነገር ደግሞ እወቂ፤ ስልክ አንዴ ከተከፈተ ውኃ የመከላከል አቅሙ እንደ ድሮው አይሆንም።

ጠጋኙ ጋ ከመሄድሽ በፊት ግን የቻርጀሩን ቀዳዳ በብርሃን እዪው። የልብስ ሰፊ ስልክ ቀዳዳው ውስጥ ምን እንዳለ እኔ ሳላየው አውቀዋለሁ። ብናኝ ክር ነው። የጥጥ ብናኝና የክር ቁራጭ ገብቶ፣ ገመዱ በተሰካ ቁጥር ወደ ውስጥ እየተጠቀጠቀ እንደ ብርድ ልብስ ይደድራል። ያኔ ገመዱ እስከ መጨረሻ አይገባም። ቻርጅ ያደረገ ይመስላል፤ ሲነቃነቅ ይቋረጣል። ማታ ሰክተሽው ጠዋት 60 ላይ የምታገኚው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ስልኩን አጥፊና በእንጨት ስቴኪኒ ቀስ እያልሽ አውጪው። እጅሽ ላይ መርፌ እንዳለ አውቃለሁ፤ በመርፌ ግን በፍጹም አትሞክሪው። ውስጡ ያሉት ስስ ብረቶች ከተነኩ ቀዳዳው ራሱ ይቀየራል።

እግረ መንገድሽን የካሜራውን መስታወት በዚያች ለስላሳ ጨርቅ ጥረጊው። ድሮ ማታ ማታ ስትጠርጊው የፎቶሽ ጥራት አንዱ ምክንያት እሱ ነበር። የጣት ቅባት ያለበት ሌንስ ፎቶውን ጭጋግ ያስመስለዋል። ስክሪኑም ጣትሽን እንደ መጀመሪያው የማያንሸራትተው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ ስክሪን ቅባት እንዳይዘው ስስ ሽፋን ይቀባል። በመዳሰስ ብዛትና በአልኮል ስንጠርገው ያልቃል። አዲስ ግላስ ስታስለጥፊ ያ የመጀመሪያ ሰሞን መንሸራተት ይመለሳል። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ቀኑን ሙሉ የምትነኪው ነገር ስለሆነ ለውጡ ይሰማሻል።

ሚሞሪው ላይ ብዙ አልቆይም። ስልክ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይዘገያል። አዲስ ነገር ለመጻፍ መጀመሪያ ባዶ ቦታ ማጽዳት አለበትና። ቴሌግራም የምትጠቀሚ ነጋዴ ስለሆንሽ የሞላውን ከሌላ ቦታ አትፈልጊው። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግ፣ ከዚያ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ ግቢና ካሹን፣ ማለትም ስልክሽ ላይ ወርዶ የተጠራቀመውን፣ አጽጂው። አትፍሪ፤ ፎቶና ቪዲዮው ቴሌግራም ሰርቨር ላይ ስላለ ስትፈልጊው መልሶ ይወርዳል። ሲክሬት ቻት ካለሽ ብቻ እሱን ለይተሽ ተዪው። በራሱ ማውረዱንም እዚያው አጥፊው፤ የኢንተርኔት ጥቅልሽም ይተርፋል። ዋትሳፕ ግን እንዲህ አይደለም። ባክአፕ ካላደረግሽ እዚያ የሰረዝሽው ፎቶ ላይመለስ ይችላል። የሰፋሻቸውን ቀሚሶች ፎቶ ደግሞ ፍላሽ ላይ ወይም የምታምኚው ሰው ኮምፒውተር ላይ ገልብጪ። እነሱ የሥራ ማስረጃሽ ናቸው።

እስካሁን ያልኩሽን ሁሉ አድርገሽ ስልኩ ፈጥኖ፣ ባትሪው እስከ ማታ ቆይቶ፣ ልብሽ ግን ላይመለስ ይችላል። ይህ እውነት ስለሆነ ልደብቅሽ አልፈልግም። ሦስተኛው ነገር መልመድ ነው፤ በስቴኪኒም በባትሪም አይወጣም።

በ1978 እ.ኤ.አ. የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፊሊፕ ብሪክማንና ሁለት ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን 22 ሰዎች ካልደረሳቸው ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ሎተሪ የደረሳቸው ከሌላው በጉልህ ደስተኛ ሆነው አልተገኙም። እንዲያውም ከጓደኛ ጋር ማውራት፣ ቁርስ መብላት፣ መጽሔት ማንበብ ከመሰሉ የየዕለት ነገሮች የሚያገኙት ደስታ ከሌላው ያነሰ ነበር። የተጠየቁት ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ ግን ያገኙት ነገር በየቤታችን ያለ ነው። ትልቅ ደስታ ይመጣል፣ ሰው ይለምደዋል፣ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሎተሪ እንዲህ ከሆነ ስልክማ ምን ይባላል? ከእንቅልፍ ስንነሳ እስክንተኛ የምንነካው ነገር ነው። ከእሱ ፈጥኖ የሚለመድ ነገር ከየት ይመጣል?

ለእናትሽ ይህን አንብቢላቸው። መልመድ ምስጋና ማጣት አይደለም። እሳቸውም የሚሉት ነገር ግን ቁም ነገር አለበት። አንቺ ያኔ የተደሰትሽው በስልኩ ብቻ አልነበረም። እቁብ ስትጥይ ቆይተሽ፣ ተራሽን ጠብቀሽ፣ በላብሽ ብር የገዛሽው የመጀመሪያው ትልቅ ነገር ሳይሆን አይቀርም። ያ ደስታ የአንቺ ነው። ስልኩ ቢቀየርም አብሮ አይሄድም፤ አዲስ ስልክ ቢመጣም ይዞት አይመጣም።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር ይበልጥ አሳሰበኝ። ያኔ ስልኩ ደንበኛ ያመጣልሽ ነበር። አሁን ምን ያመጣልሻል? ልብስ ሰፊዎች የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነው። ማታ አራት ሰዓት «ቀሚሴ ደረሰ?» የሚል መልእክት ይመጣል። ቀብድ ሳትከፍል ስድስት ዓይነት ፎቶ ልካ «እንዲህ ትሰፊልኛለሽ?» ብላ የምትጠፋ አለች። ለሰርግ የቸኮለች በላይ በላይ ትደውላለች። መቶ ሰው ያለበት ግሩፕ ሲንጫጫ ያድራል። እንዲህ ከሆነ የሰለቸሽ በስልኩ በኩል የሚመጣብሽ ነገር ነው። አዲስ ስልክ ብትገዢ ሲምሽን ወደ እሱ ታዛውሪያለሽ፤ ቴሌግራምሽን ትከፍቺበታለሽ፤ ጥያቄው ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ተከትሎሽ ይገባል።

ስለዚህ ይህን ሞክሪ። ቻናልሽ አናት ላይ የሥራ ሰዓትሽን ጻፊና ለጥፊው፦ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት። ቀብድ ሳይገባ ሥራ እንደማይጀመር ጻፊ። የማያስፈልጉሽን ግሩፖች ድምፃቸውን አጥፊ። የምትፈሪው ደንበኛ እንዳይቀር እንደሆነ ይገባኛል። ጥሩ ልብስ ሰፊ ያላት ሰው ግን ሰዓት ስለተነገራት አትሄድም። ማታ ስልኩ ዝም ሲል ስልኩን የምትጠዪበት ምክንያት ምን ያህል እንደሚቀንስ ታዪዋለሽ። እኔ ለአንቺ ከባትሪው ይልቅ በዚህኛው ተስፋ አለኝ።

የጓደኛሽ ፎቶ ያምራል ብለሻል። ያምር ይሆናል፤ ግን እንደ ባለሙያ ተመልከቺው። ብዙ ስልኮች ቀለሙን አድምቀው ነው የሚያሳዩት። ቀዩ ይበልጥ ይቀላል፤ አረንጓዴው ያበራል። ለራስ ፎቶ ጥሩ ነው። ለጨርቅ ግን ደንበኛዋ በፎቶ ያየችው ቡርዶ በእጇ ሲገባ ሌላ ቀለም ከሆነባት ጣጣው ለአንቺ ነው። ሁለታችሁም አንድ ጨርቅ ጠዋት መስኮት አጠገብ አድርጋችሁ በየስልካችሁ አንሱና ጨርቁን ከፎቶዎቹ ጋር አስተያዩት። የማን እውነተኛውን ቀለም እንዳወጣ እዚያው ትፈርጃላችሁ። አምራቾቹ በየዓመቱ አዲስ ያወጣሉ። የእሷም በሚቀጥለው ዓመት የአምናው ይሆናል። ዓይን እንደሆነ አይጠግብም።

በፍጹም አትቀይሪ እያልኩሽ አይደለም። የምትቀይሪበት ጊዜ አለ። ሴቲንግ ውስጥ አባውት ፎን የሚለውን ክፈቺና የመጨረሻው የሴኩሪቲ ማሻሻያ የመቼ እንደሆነ እዪ። ስልኩ ማሻሻያ ካቆመ ዓመታት ካለፉ የባንክ መተግበሪያዎችና ቴሌብር አንድ ቀን «በዚህ ስልክ አልሠራም» ሊሉሽ ይችላሉ። ገንዘብሽ የሚንቀሳቀስበት ስልክ ስለሆነ እሱ ቁም ነገር ነው። ያኔ ስትገዢ ሻጩን ከካሜራው በፊት የምትጠይቂው «ስንት ዓመት ማሻሻያ አለው?» ብለሽ ነው። ጉግል ከፒክስል 8 ጀምሮ፣ ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ 24 ጀምሮ ሰባት ዓመት ቃል ገብተዋል። ዋጋቸው ዝቅ ያሉት ብዙዎቹ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚሰጡት። ከሐምሌ 22፣ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲተመን ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። ዛሬ የሚገዛ ስልክ ብዙ ዓመት ሊያገለግል ይገባዋል።

አሁን ግን የእኔ ምክር አትቀይሪው ነው። ባትሪ፣ ግላስና ከቨር አስቀይሪለት። እቁቡን በምን ላይ እንደምታውይው አልጠየቅሽኝም፤ ግን ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋ) ማሽን ከሌለሽና ለጥልፍልፍ ሌላ ቤት እየከፈልሽ ከሆነ ብሩን እዚያ አድርጊው። ማሽንም ይለመዳል። ግን ስትለምጂውም ገንዘብ ያመጣልሻል።

ጥያቄ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። አዲስ ስልክ ገዝቼ የቆየውን አይፎን ጎንደር ላለችው እህቴ በሰው እጅ ልልክላት ነው። ምንም አልሆነም፤ እኔው ሰልችቶኝ ነው። ከመላኬ በፊት ምን ላድርግ?

መልስ

ወንድሜ፣ ለአንተ የሰለቸህ ስልክ ለእህትህ አዲስ ነው። ስለዚህ እንደ አዲስ አድርገህ ላክላት። መጀመሪያ ስልኩን በየወሩ በክፍያ ወስደኸው ከሆነ ዕዳው ማለቁንና የሸጠልህ የስልክ ኩባንያ ስልኩን ለሌላ ሲም መክፈቱን አረጋግጥ። ያልተከፈተ ስልክ የእኛን አገር ሲም አይቀበልም፤ ጎንደር ከደረሰ በኋላ ደግሞ ማስከፈቱ ለእሷ መከራ ነው። የሌላ ኩባንያ ሲም ያለው ጓደኛ ፈልግና እዚያው ሞክረው።

አሜሪካ የተሸጡ አይፎኖች ከ14 ጀምሮ የሲም ማስገቢያ ቀዳዳ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም፣ ማለትም ካርድ በሌለው፣ ስልኩ ውስጥ በሚጫን ሲም ብቻ ነው። ያንተ ከእነዚያ ከሆነ እህትህ የምትጠቀምበት ድርጅት ኢሲም ይሰጣት እንደሆነ ቀድማ ትጠይቅ።

ከዚያ ከአይክላውድ ውጣ፤ ፋይንድ ማይ የሚለውን የጠፋ ስልክ መፈለጊያ አጥፋ። ይህን ሳታደርግ ፎርማት ካደረግኸው ሲበራ ያንተን የይለፍ ቃል ይጠይቃታል፤ ያንተ ሌሊት የእሷ ቀን ስለሆነ እየተደዋወላችሁ ስትደናበሩ ትከርማላችሁ። እንዲህ ተቆልፎ የመጣ ስልክ ብዙ አይቻለሁ። ጠጋኝም አይከፍተውም።

ሴቲንግ ውስጥ ባትሪ ሄልዝ የሚለውን እይ። ከ80 በታች ከሆነ እዚያው አስቀይረው፤ ዋናውን ባትሪ ከዚህ ይልቅ እዚያ በቀላሉ ታገኛለህ። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለ እኛም አገር ይሠራል፤ ሶኬቱ ግን የተለየ ስለሆነ መቀየሪያ ጨምርበት። ይዞልህ የሚመጣው ሰው ሻንጣ ውስጥ አይክተተው፤ በእጁ ይያዘው። ከቨርና ሁለት ግላስም አብረህ ላክላት።